ፈንግል

የእኔና የዱካሌ አጥር ቆርቆሮ ነው፣
ታቹን ዝገት በልቶት ዶሮ የሚያሾልከው።
እሱ ጎመን አለው፣ ቃሪያና ቆስጣ፣
እኔ ሰባት ዶሮ፣ ቀዳዳ የማያጣ።
«ላቀው፣ ዶሮህ!» ይላል ገና በጠዋቱ፣
«ዱካሌ፣ አጥርህ!» እላለሁ ከቤቱ።
አምስት ዓመት ሙሉ በዚህ ተጨቃጨቅን፤
ሰላምታችን ይኸው ነው፤ ሌላም አላወቅን።

ጡረታ ስወጣ ከማዘጋጃ ቤት፣
መዝገብ ቤት ነበርኩኝ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት፣
ፋይል የለመደ እጅ ሥራ ሲፈታበት፣
ለዶሮም መዝገብ ከፈትኩ፣ ቀን ጻፍኩበት።
ወሰራ፦ በሰኔ ጣለች አሥራ ስምንት።
ገብስማ፦ ታቀፈች፤ ሁለቱ ገማባት።
ቀይዋ፦ ላባ ጣለች፤ ቅማል መሰለብኝ፤
አመድና አሸዋ ሞላሁ፤ ታጠበችልኝ።

ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል እወርዳለሁ፣
የዓሣ አጥንት ከአባ ኮዳ እሻማለሁ፣
በፀሐይ አድርቄ ለእነሱ እወቅጣለሁ።
ልጄ አፍንጫዋን ይዛ «አባ፣ ሸተትክ» ትለኛለች፣
እንቁላል ሲሆን ግን ስድስት ትወስዳለች።

የካቲት ማብቂያ ላይ፣ በነፋሱ ሰሞን፣
ገብስማ ከጥግ ቆመች፣ ነስታኝ ድምፅዋን፣
ላባዋን ነፍታ፣ ዓይኗን ጨፈን፣ ጨፈን።
ኩሷ አረንጓዴ፣ አንገቷ ተጣሞ፣
ሰማዩን ታያለች፣ መሬት ከድቷት ቀድሞ።

ፈንግል ነው ስሙ፤ ስም አይደል፣ ትእዛዝ ነው፤
አንድ ሰው ከላይ ሆኖ «ፈንግል!» እንዳለው፣
ከቆጡ ላይ አንስቶ መሬት የሚጥለው።

በማግስቱ ሞተች። መዝገቡን ከፈትኩኝ፤
«ገብስማ» ካለው ሥር ምንም አልጻፍኩኝ።
በሌሊት ቀበርኳት፣ ጥልቅ ጉድጓድ ምሼ፣
ኖራ ነስንሼባት፣ አፈር መልሼ።
ዱካሌ በጠዋት «ላቀው፣ ዶሮህ!» ሲለኝ፣
(ስድስት መቅረታቸውን ቆጥሮ እንዳይጠይቀኝ)
«አጥርህ!» አልኩት፣ ቶሎ። ቃሉ መረረኝ።

የዱካሌ ልጅ ኬዚያ አራት ጫጩት ነበራት፣
ካርቶን ውስጥ አሳድጋ፣ ክንፍ አውጥተውላት።
በአራተኛው ቀን፣ በዚያው ቀዳዳ፣ ሾለከ፣
የልጅ ሲቃ፣ ቀጭን፤ ጉልበቴ ተብረከረከ።
እኔ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት መዝገብ የጠበቅኩ ሰው፣
አንድ መስመር ዘለልኩ፤ አራት ነፍስ የጠየቀው።

ሄድኩ። በበሩ በኩል። ለመጀመሪያ ጊዜ።
ዱካሌ ተቀምጧል፣ ጎመኑ መሐል፣ በትካዜ።
«ገብስማ» አልኩት፣ «ከሁሉ ቀድማ ነው የሞተችው፤
ደብቄህ ነበር።» ዝም አለ። ቅጠል ቀነጠሰ፣ ጣለው።
ብዙ ቆይቶ፦ «ስንት ቀረህ?» አለ።
«አምስት።» «ታዲያ ይከተቡ እንጂ፣ መድኃኒቱ እያለ!»

ወይንሸት መጣች፣ ከእንስሳት ጤና፣ በሞተር፣
በበረዶ ቴርሞስ ጠብታ ይዛ፣ ልትቆጥር።
«ጠርሙሱ ለመቶ ነው፤ ለአንድ ቤት አልከፍተው፤
መንደሩን ጥሩልኝ፤ ሁለት ሰዓት ካለፈ ነው የምደፋው።»
ወጣን ሁለታችን፤ እኔ ላይ፣ እሱ ታች፤
ዶሮ የሌላትም ጎረቤት መጥታ አየች።
ኬዚያ ናት የያዘች፣ ክንፍ አጣጥፋ፣
አንድ ጠብታ ለአንድ ዓይን፣ አንድም ሳይደፋ።

ቆርቆሮው ተነቀለ። አሁን ሽቦ ነው፤ ግቢው ተካፍሎ፣
ዶሮው ይዛወራል፣ የተለቀመውን መደብ ተከትሎ።
እነሱ ሲጭሩት ትሉም አረሙም ያልቃል፣
ኩሳቸው ይበሰብሳል፣ ከርሞ ቃሪያ ይሆናል።
አዲስ የገዛነው ሁለት ሳምንት ለብቻው፤
ኬዚያ ናት ዳኛው።

መዝገቡን ለእሷ ሰጠኋት። ባዶዋን መስመር አየችና፣
«ጋሼ፣ እዚህ ምን ልጻፍ?» አለች፣ እስክሪብቶ አነሳችና።
«ቀኑን» አልኳት። «ቀኑን ብቻ። ሌላውን አባትሽ ያውቃል።»

ጠዋት ግን ከሽቦው ማዶ አንድ ሰው ጉሮሮ ያጸዳል፦
«ላቀው! ዶሮህ!» ቀይዋ ናት፤ ሽቦው ላይ ወጥታለች፣
ቆስጣውን ከላይ ሆና፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ፣ ታየዋለች።